እማ ብድግ ስትል

ሰኞ፣ ኅዳር 9። ጠዋት 3 ሰዓት

ዛሬም አልሆነም። ፎቶ ማንሻ ሳጥኑን በረንዳው ላይ በድንጋይ አስደግፌ፣ እማን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ በመርፌ የበሳኋትን ቀዳዳ ከፈትሁ። ሌንስ የለውም። ብርሃኑ በዚያች ቀዳዳ ቀስ እያለ ነው የሚገባው። ስለዚህ ሻይ እስኪፈላ ያህል ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ግድ ነው። ገና ከመክፈቴ ጎረቤታችን እማማ ድንቄ ሊጠይቋት መጡ። እማ ብድግ! «ኖር!» እሳቸው «በእግዜር! ኧረ ማርያምን ተቀመጪ!» ይላሉ፤ ማን ሰምቶ!

ፊልሙን አወጣሁ። ትልቅ ነው፣ የደብተር ገጽ ሊያህል ምንም አይቀረው። ጨለማ ክፍል አይፈልግም፣ መድኃኒቱ እዚያው ውስጡ ነው። መድኃኒቱ እንዲዳረስ በጠርሙስ ዳመጥሁት፤ የመካነ ሰላም ብርድ እንዳያበላሸው ብብቴ ውስጥ ይዤ ቆየሁ። ሽፋኑን ስልጠው ወንበሩ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። እናቴ ጭጋግ ናት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11። ከሰዓት

ማስታወሻዬ፣ ስልክ የለሽም ወይ ትይኝ ይሆናል። አለኝ። እማ ናት የማትፈቅደው። በስልክ የተነሳ ፊት የአገር ሁሉ መጫወቻ ነው ትላለች። በቪዲዮ ማውራትም ያው ነው። ሳጥኑ አንድ ብቻ እንደሚያወጣ፣ ቅጂም እንደሌለው ስነግራት ነው እሺ ያለችው። ፊልሙን ቤሩት ስሠራ የመዳሜ አባት ሰጡኝ። ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ የሳጥኑንም አሠራር ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ጊዜው አልፎበታል። ሊያልቅም ነው።

ታናሼ ሰዓዳ ከጅዳ ደወለች። ወረቀት የላትም፣ መምጣት አትችልም። የእማ ፊት ጠፋብኝ ብላ አለቀሰች፤ ድምጿን እየሰማሁ ፊቷ አይመጣልኝም አለች። በሰው እጅ ፎቶ እልክልሻለሁ አልኋት። ምን አቅብጦኝ ነው ቃል የምገባው? ደሴ ሆስፒታል «ወስዳችሁ አስታምሙ» ካለን ወዲህ እማ በየቀኑ እያነሰች ነው። ጠያቂው ደግሞ በየቀኑ እየበዛ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

የግቢውን በር ቆለፍሁ። አዎ፣ እኔ። በሽተኛ ባለበት ቤት በር ቆለፍሁ።

ቀዳዳውን ከፈትሁ። እማ ተቀምጣለች፣ ጸጥ። ይሄኔ ተንኳኳ። ዝም አልሁ። ደግሞ ተንኳኳ። እማ ግድግዳ ይዛ ብድግ አለች፤ ራሷ ልትከፍት! መሀል ግቢ ላይ ደረስሁባት። «ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ላይ ትቆልፊያለሽ? ቤሩት ይሄን ነው ያስተማረችሽ?» አለችኝ። እኔም ጮህሁ። አንድ ቀን ለእኔ ብትቀመጪ ምናለ አልኋት። እናቴ ላይ ጮህሁ። እስክንከፍት እንግዳው ሄዷል። ማን እንደነበር እንኳ አላወቅንም። እስኪመሽ አላናገረችኝም።

ፊልሙም ተቃጠለ። አንድ ቀረ።

ዓርብ፣ ኅዳር 20። ከሰዓት

እማ ከተኛች ሰነበተች። ዛሬ ፀሐይ ላይ አውጪኝ ብላ፣ ተሸክሜ አስቀመጥኋት። በብርድ ልብስ ጠቀለልኋት። ደመናው ሳስ ብሏል፣ ለፎቶ የሚሆን ብርሃን። እማ አትንቀሳቀስም። መንቀሳቀስ አትችልም። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ ዘገነነኝ። ቢሆንም የመጨረሻዋን ፊልም አስገብቼ ከፈትሁ።

ሼህ ሁሴን ከጁምዓ መልስ ጎራ አሉ። የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው። እማ «ኖር» አለች፣ በከንፈሯ ብቻ። እግሯ እንቢ አለ። በክንዷ ሞከረች፣ እሱም እንቢ አለ። ሼኹ በአላህ ተይ እያሉ ይለምናሉ። የእማ እንባ ወረደ። በሽታው አይደለም ያስለቀሳት፤ ሰው ቆሞ እሷ መቀመጧ ነው። ዞራ አየችኝ። «ደግፊኝ።»

ቀዳዳው ክፍት ነው። ዝም ብል ፎቶው ይወጣል፣ ሰዓዳም የእማን ፊት ታያለች። ይህን እያሰብሁ ትንሽ ቆምሁ።

ሄድሁ። ክንዷ ሥር ገብቼ አቆምኋት። ምንም አትከብድም። ሁለታችንም ቆመን ሼህ ሁሴንን ሰላም አልናቸው።

ፊልሙ ላይ የወጣው የሁለት ሰው ጭጋግ ነው። ፊት የለውም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21። ጠዋት

ለሰዓዳ ደወልሁ። ፎቶ የለም፣ ፊልሙም አለቀ አልኋት።  «እሺ» አለች። እሺ ብቻ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼዋለሁ። ከእንግዲህ ሥራዬ አንድ ነው፤ ሰው በመጣ ቁጥር እማን ደግፌ አቆማታለሁ፣ እስክትለየኝ ድረስ።