አሥራ ሰባተኛው መስታወት

ገዳሪፍ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ እናቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? የመተማ ሙቀት አልጠናብሽም? ላሞቹስ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ትንሽ ከስቻለሁ፤ ስታዪኝ እንዳትጮሂ አስቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው።

እንግዲህ ኩሪብኝ። ሃያ ዓመት አንዲት ትንኝ ስታባርር ኖረች እያልሽ የምትስቂበት ሥራዬ ዛሬ ከሀዋታ እስከ ኸሽም ኤል ቂርባ ይሠራበታል። የእኛ ሰው ለሰሊጥ አጨዳ ሲሻገር በየእርሻው አዲስ የሱዳን ስም እንደሚይዝ ታውቂያለሽ። ያቺ ትንኝ የምታስይዘው ካላዛር ሲያገረሽበት በሌላ ስም ይመዘገብና፣ አዲስ በሽተኛ ነው ተብሎ ያው ያላዳነው መድኃኒት ይሰጠዋል። ስሙን ትተን በደሙ ያለውን ተሕዋስ ዘረመል እንመርምር ያልሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ናይሮቢ ያሉ ተማሪዎች ሳይቀሩ ጽሑፌን እየጠቀሱ ይመረቃሉ። ለጎረቤት ብታወሪው አልቆጣም።

የሥራዬ መነሻ ቁረይሻ ውስጥ ከተዘጋ ክሊኒክ ያገኘሁት አሮጌ ሣጥን ነው፤ ደም የደረቀባቸው የምርመራ መስታወቶችና የበሽተኞች መዝገብ ነበሩበት። አሥራ ሰባተኛው ሙሐመድአሚን፣ ሠላሳ አንደኛው አደም ይላል። ተሕዋሱ ግን አንድ ሆኖ ተገኘ።

ባለፈው ሳምንት ሰውየውም አንድ መሆኑን ልናረጋግጥ የራሱን ዘረመል መረመርን። የላቦራቶሪ ሠራተኛ ደም እንዳይቀላቀል የእኔም አብሮ ይታያል። እዚሁ ያደገችው ተማሪዬ ሲሃም ውጤቱን አይታ፣ ያ ዶክቶራ፣ ወላሂ ደምዎት ገብቶበታል ብላ ገሠጸችኝ። አፍሬ ሦስት ጊዜ ደገምሁት። የእኔ ደም ገብቶ ቢሆን ሁሉም ይመጣ ነበር። የመጣው ግማሹ ብቻ ነው፤ ልጅ ከአባቱ የሚወስደው ያህል።

እናቴ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በሩን እያየሽ ኖረሻል፤ ማቅም አልለበስሽም። በመዝገቡ ከአደም ስም ጎን የተጻፈውን ስመጣ አጠገብሽ ተቀምጬ አነብልሻለሁ። እስከዚያ ግን ሱዳን ሌላ አግብቶ ቀረ ለሚሉሽ ሁሉ፣ ውሸታችሁን ነው በያቸው። ልጁን በዓለም ያስጠራት የእሱ ደም ነው በያቸው። እኔ በአባቴ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ቶሎ ላኪልኝ። እዚህ ያሉት ቄስ ለጸሎት የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። ሁለቱን የሱዳን ስሞቹን አውቃለሁ፤ ስንሻው መባሉንም አውቃለሁ። ይኸኛውን ግን ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።

ኪዳነ ምሕረት እስክመጣ በጥላዋ ታቆይልኝ።

የአንቺና የእሱ ልጅ