የሸንጎ አባልና የቅሬ ሰው፦ የአቶ ሞላ በላቸው የሕይወት ታሪክ

አቶ ሞላ በላቸው ከአባታቸው ከአቶ በላቸው ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማናለብሽ ጓንጉል በራያና ቆቦ አውራጃ፣ ከሮቢት ወረድ ብሎ ባለው መንደራችን በጥቅምት ወር 1922 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት ከተማሩ በኋላ ቆቦ ገብተው እስከ አራተኛ ክፍል ዘለቁ። አባታቸው ሲታመሙ ወደ እርሻው ተመለሱ፤ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላ በማጠጣት የሚስተካከላቸው አልነበረም። በ1947 ዓ.ም. ከወይዘሮ ከፈለች ጋሹ ጋር ተጋብተው አምስት ልጆች ወለዱ፤ አንዱ በሕፃንነቱ ዐርፏል።

በ1958 ዓ.ም. ክርስቲያኑንም እስላሙንም በአንድነት የሚቀብረው የቅሬያችን ጸሐፊ ሆኑ። ያን ጊዜ የጻፉት ሕግ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ሦስት ቀብር የቀረ ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ቢሞት ቅሬው አይወጣለትም፤ ልመለስ ያለም ሦስት መቃብር በእጁ ይቆፍራል። ሰው ጠነከረ ቢላቸውም አንዲት ቃል አልቀነሱም።

በ1968 ዓ.ም. የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኑ። በ1977ቱ ድርቅ የእርዳታ እህል ሲያከፋፍሉ የራሳቸውን ቤት ተራ መጨረሻ አደረጉ፤ ወይዘሮ ከፈለች ይህን ሲያነሡባቸው ኖረዋል።

በሰኔ 1979 ዓ.ም. የብሔራዊ ሸንጎ አባል ሆነው ተመረጡ። ከዚያ ወዲህ አንዴ አዲስ አበባ፣ አንዴ ደሴ፣ ስብሰባና ሴሚናር ሆነ። ሁለት ቀብር አመለጣቸው። በሐምሌ 1980 ዓ.ም. የቅሬው ዳኛ አቶ ሙሀመድሰይድ ሲሞቱም ደሴ ነበሩና «ጓድ ሞላ በላቸው» የሚል ፊርማና ማኅተም ያረፈበት የኀዘን ደብዳቤ በታይፕ አስጽፈው በአውቶቡስ ላኩ። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ራህመት ደብዳቤው ሲነበብላቸው፣ «ይኸ ወረቀት ቃሬዛ ይሸከማል?» አሉ። በሳምንቱ አቶ ሞላ ተሰረዙ።

ሲመለሱ ተቆጡ፤ የሄድኩት እናንተን ወክዬ ነው አሉ። አዲሱ ዳኛ አቶ ጌታሁን፣ «ጋሽ ሞላ፣ ሕጉን የጻፉት እርስዎ። ለማን አላልተውት ያውቃሉ?» አሏቸው።

በኅዳር የጉበት ሕመም ጸናባቸው፤ ሐኪሙም ዓመት እንደማይሞላቸው ነገራቸው። መንግሥት በክብር ይቀብርዎታል እያሉ ያጽናኗቸው ነበሩ። እሳቸው ግን ጎረቤት ያልቆፈረው መቃብር መግባት ፈሩና ዶማ ይዘው ወጡ። በታኅሣሥ የአንድ ጎረቤት፣ በጥር ደግሞ የወይዘሮ ራህመትን እናት መቃብር ቆፈሩ። በዚያ ቀን የሚጠጣ ውሃ ያቀበሏቸው ወይዘሮ ራህመት ራሳቸው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ሰው አልሞተም። ዝናቡ ደኅና ስለነበር አገሩ ሁሉ ጤና ሆነ። የካቲት አለፈ፤ መጋቢት አለፈ፤ ሚያዝያም አለፈ። አቶ ሞላ የማንንም ሞት አልተመኙም፤ ነገር ግን በሽተኛ መጠየቅ አፈሩ። የዘጠና ዓመቷ አክስታቸው እማማ ደብሪቱ ብርድ መቷቸው በተኙ ጊዜ ደጃፍ ላይ ቆመው ሲያመነቱ፣ «ግባ ሞላ፣ አትፈር፤ እየሞከርኩልህ ነው» አሏቸው። እማማ ደብሪቱ ድነው ዛሬ እዚሁ መካከላችን ናቸው።

በግንቦት መነሣት አቃታቸው። ቅሬው ተሰብስቦ ሕጉን እንሻርላቸው ቢል አይሆንም ብለው ከአልጋቸው ላኩ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ራህመት፣ «ምን መሻር ያስፈልጋል? ሁለቱን ቆፍረዋል። ሦስተኛው የራሳቸው ይሁን፤ ከዚያ እንኳ አይቀሩም» አሉ። ቅሬው ሳቀ፤ ተስማማም። በማግሥቱ አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ማርያም ቅጥር ግቢ አደረሷቸው። ተቀምጠው፣ በመቃብር ቦታቸው ላይ ዶማውን ሦስት ጊዜ መቱ። አቶ ጌታሁን መዝገቡን እዚያው ከፍተው ስማቸውን መልሰው ጻፉ። ከወራት በኋላ እህል በልተው፣ እንቅልፍ የተኙት በዚያ ቀን ነው።

ሰኔ 9 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው በገዛ ቤታቸው፣ ያለ ጭንቀት ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆቻቸውን፣ አሥራ አንድ የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ታምሬን ትተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በሰላሙ ቦታ ይቀበልልን፤ የእስላም ጎረቤቶቻችን ዱዓም አይለያቸው። እሳቸው የጀመሩትን መቃብር ዛሬ ጠዋት ቅሬው ወጥቶ ጨርሶታል።