ኮምፒውተሩ በራሱ መነሣት ከጀመረ ወዲህ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃው አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ ትንሽ ተሻለሽ? ያ ትኩሳት ጨርሶ ለቀቀሽ? እንቅልፍሽስ፣ ምግብሽስ? መነጽርሽንስ ሶፋ ላይ አስቀምጠሽ መልሰሽ ራስሽ ላዩ ላይ መቀመጥሽን ተውሽ? ሰላምታዬ ይድረስሽ፣ ጉልበትሽን ስሜያለሁ። እኔ ያው እዚያው ልብስ እጥበት ቤት ነኝ፤ ሥራዬም የሆቴል አንሶላ መተኮስ ነው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ቤታችን ዊኪ ነው። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሬዲዮ ሲጠግን የኖረበትን ዘዴ፣ የዘመዶቻችንን ታሪክ፣ አንቺ «ኧረ እንዲህ አልነበረም» እያልሽ ያረምሽውን ሁሉ የከተትንበት ገጽ ማለቴ ነው። ሳሎን ያለው የአባዬ አሮጌ ኮምፒውተር ሲበራ ሁላችንም ካለንበት ሆነን እንከፍተዋለን፤ ሲጠፋ ማናችንም አናገኘውም። አንቺ ደግሞ ማታ ማታ «እሱም ይረፍ» ብለሽ ታጠፊውና ጨርቅ ታለብሽዋለሽ። ጠዋት ፊትሽን እንኳ ሳትታጠቢ ቁልፉን ተጭነሽ፣ ያ ጥቁር መስኮት ስክሪኑ ላይ እስኪመጣ ቆመሽ ጠብቀሽ፣ ታናሼ ሚጡ እንዳሳየችሽ ወደ ላይ የምታመለክተውን ቀስት አንድ ጊዜ ነክተሽ፣ ትልቁን ቁልፍ ትጫኛለሽ። ያኔ ዊኪው ይነሣል።

ብርዱ ሲመጣ ጉልበትሽ አሳሰበኝ። እማዬን በጠዋት ከአልጋ ማስወረድ ምን የሚሉት ግፍ ነው ብዬ ሚጡን በስልክ ያዝኳት። እኔ እየነገርኳት እሷ እየጻፈች፣ ኮምፒውተሩ ማታም እንዳይጠፋ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስም በራሱ ተነሥቶ ዊኪውን እንዲያስነሣ አዘዝነው። የመጀመሪያው ቀን ጉድ አፈላ። ለካ ዊኪው የነቃው ጽሑፎቹ ያሉበት ዲስክ ገና ሳይነቃ ኖሯል፤ ቢገባ ባዶ ቤት አገኘና ባዶ ገጽ ከፈተ። አንቺ ድምፅሽ እየተንቀጠቀጠ «የአባትህ ጽሑፍ አለቀለት» ብለሽ ደወልሽልኝ። ምንም አልጠፋም ነበር። ዲስኩ ሳይነሣ አትጀምር የሚል አንድ መስመር ጨመርንበት፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ አያውቅም። እኔም ኩራት ኩራት አለኝ።

እዚህ አብራኝ የምትሠራ አንሶላ አጣፊ ሴትዮ አለች። ዊኪ ምን እንደሆነ አታውቅም። ጠዋት ስልኬን ከፈት ሳደርግ ግን «እናትህ ተነሡ?» ትለኛለች። ገጹ ከተከፈተ «ተነሥታለች» እላታለሁ፤ ካልተከፈተ ደግሞ እስኪከፈት ድረስ እኔም እሷም ሥራው አይያዝልንም። ኮምፒውተሩ በራሱ መነሣት ከጀመረ በኋላም ይኸው ልማድ ቀጠለ። ገጹ በየጠዋቱ ተከፍቶ አገኘዋለሁ፣ «ተነሥታለች» እላለሁ፣ ደስ ብሎኝ ሥራዬን እጀምራለሁ።

ባለፈው ሚጡ ስልክ ላይ ስታወራ «ያን ሰሞን እማዬ ተኝታ ሳለች» የሚል ቃል አመለጣት። አፋጥጬ ያዝኳት። ለካ ትኩሳት ጥሎሽ ሰንብተሻል፣ «ሰው አገር ያለ ልጅ ምን ያደርግልኛል፣ እንዳትነግሪው» ብለሻታል። በእነዚያ ጠዋቶች ሁሉ ገጹ ክፍት ነበር። አንቺ አልጋ ላይ ትቃጠያለሽ፣ እኔ እዚህ አፌን ሞልቼ «ተነሥታለች» እላለሁ። እማዬ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ገጹን የምከፍተው የአባዬን ጽሑፍ ለማንበብ አልነበረም። አንቺ ደህና ማደርሽን ለማወቅ ነበር። ያንን መንገድ ደግሞ በገዛ እጄ ዘጋሁት።

ወዲያው ያዘዝነውን ሁሉ እናፍርሰው አልኳት ለሚጡ። እሷም መች የዋዛ ናት። «አንተ ስልክ ከምትደውል እሷ በትኩሳቷ እየተጎተተች ማሽን ታስነሣልህ?» ብላ ልክ ልኬን ነገረችኝ። ኩምሽሽ አልኩ፤ እውነቷን ነው። ስለዚህ ማሽኑ በራሱ ይነሣ፣ ጉልበትሽም ይረፍ ብዬ ትናንት ዊኪው ላይ በስምሽ አንዲት ባዶ ገጽ ከፈትኩልሽ። ጠዋት ጠዋት አንድ ቃል እንድትጽፊልኝ፣ ካመመሽም አመመኝ እንድትዪኝ በሚጡ በኩል ለመንኩሽ።

ዛሬ ስከፍተው ጽፈሽ አገኘሁ። «አለሁ። ማታ ጉልበቴ ሲጠዘጥዘኝ አደረ፣ አሁን ይሻላል። እውነቱን ጻፊ ስላልከኝ ነው። አንተስ? እኛ አንተ ደህና ማደርህን በምን እንወቅ?»

አንድ ጣትሽን ብቻ እያነሣሽ፣ ፊደሉን እየፈለግሽ ስትጽፊው ታየኝ። እውነት እላለሁ፣ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ በሐሳቤ መጥቶ አያውቅም። የምጨነቀው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከሥሩ «ደህና ነኝ» ብዬ ጻፍኩና መልሼ አጠፋሁት። መልሱ በአንድ መስመር አልሞላ ቢለኝ ወረቀት አወጣሁ።

ይኸውልሽ እውነቱ። ግራ እጄን የእንፋሎቱ ካውያ ከመዳፌ እስከ አንጓዬ ልጦታል። ሰሞኑን ሥራ አልገባሁም። የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል ያልኩሽ ውሸቴን ነው፣ ፋሻውን እንዳታዪብኝ ብዬ ነው። አሁን እንዳትደነግጪ፤ ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ፣ ሐኪሙም ጥሩ እየዳነ ነው ብሎኛል። አጣፊዋ ሴትዮ ምግብ ይዛልኝ ትመጣለች፣ ካልበላሁም ልክ እንዳንቺ ትቆጣኛለች። ሕመም መደበቁን ከማን እንደወረስኩት መቼም አትጠይቂኝም።

ሚጡን ግንባሯን ሳሚልኝ፣ ስለ ቁጣዋም ምስጋናዬን ንገሪልኝ። ለአጎቴ እጅ ነሥቻለሁ፤ የአባዬን ገጽ ሲያርም የራሱን ጀብዱ መጨመሩን ግን ይቀንስ። ለጎረቤታችን ለሰዓት ሠሪውና ለባለቤታቸው ሰላም በይልኝ። በራችንን ላንኳኳ ሁሉ፣ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም፣ ሰላም በይልኝ።

ከነገ ጠዋት ጀምሮ ከአንቺ ቃል ሥር የእኔን ታገኛለሽ። ባዶ ሆኖ ካገኘሽው ደውለሽ ተቆጪኝ።

የሚወድሽ ልጅሽ

ከልብስ እጥበቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን