ካንዴላውን ሳትጠርገው እየው

ለምወድህ፣ እንደ አባት ሆነህ ላሳደግኸኝ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ጎንበስ ቀና ስትል የሚነሳብህ የወገብ ሕመም እንዴት አደረገህ? እማዬስ እንዴት ናት፤ ጉልበቷን እየጎተተች ደረጃውን ትወጣና አሁንም «ማን ነው አሮጊት ያለኝ» ትላለች? እትዬስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የጋራዡስ ጣሪያ ተጠገነ ወይስ ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ ይዘህ ከጥግ ጥግ ትሮጣለህ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። እጄ እንደ ድሮው ጥቁር ነው፤ እዚህ ያለው ሳሙና ሁሉ ሞክሮኝ ተሸንፏል።

ስለ ጆሮህ ሳልጠይቅ ያለፍኩት ረስቼ እንዳይመስልህ። ዛሬ ብዕር ያነሳሁትም ስለሱው ነው። ባለፈው ስደውልልህ ትኩሳት ይዞኝ ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ መዋሌን ነገርኩህ። አንተ ድምፅህን ከፍ አድርገህ «ጎሽ፣ እንዲህ ነው እንጂ!» አልከኝ። ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ ከት ብዬ ሳቅሁ፤ ቆይቶ ግን ሆዴ ባባና አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ የፈለግሁትን ብጠይቅህ መልስህ «ደህና ነው፣ ሁሉም ደህና ነው» ሆነ፤ ወዲያው ደግሞ ስልኩን ለእትዬ ታቀብላታለህ። ደብዳቤ ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው። ደብዳቤ «ምን አልሽ?» ሳይሉ ደጋግመው ያነቡታል።

እትዬን እንዳትቆጣት። ሁሉንም የነገረችኝ እሷ ናት፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብላ እንጂ ሚስትህ አንተን ልታሳጣ ብላ አይደለም። ወተት አመላላሹ ሞተር ሳይክሉን አምጥቶ ካርቡሬተሩን አስተካክለህለት እንደ ሄደ፣ በማግስቱ ማለዳ ወደ ታችኛው ከተማ ሲወርድ ሞተሩ ድንገት ነክሶ መዞሩን ሲያቆም የኋላ ጎማው ቀጥ እንዳለበት፣ ወድቆም ትከሻው እንደ ተሰበረ ነገረችኝ። ወተቱ መንገዱን አልብሶት ነበር አለች። አንተ መኪና ለምነህ ሞተር ሳይክሉን አስጭነህ ካመጣህ በኋላ ጋራዡ ጥግ አቁመህ፣ ሸራ ጣል አድርገህበት፣ እስከ ዛሬ አልነካኸውም አሉ። ለጠየቀህ ሁሉ «ሰውየውን የሰበረው ጆሮዬ ነው» ትላለህ አሉ። ጋራዡን ዘግተሃል። ጎረቤታችን አናጢው ደግሞ ለመሣሪያዎችህ ገዢ ፈልጎልህ፣ ሰውየው በወሩ መጨረሻ መጥቶ ሊወስዳቸው ነው።

ወንድም ጋሼ፣ እኔ እኮ በእነዚያ ቁልፎች ነው ጥርሴን የነቀልኩት።

ታስታውሳለህ፣ አባታችን ከሞተ በኋላ ቤት ብቻዬን እንዳልውል ጋራዡ ይዘኸኝ ትሄድ ነበር። የተገለበጠ ሣጥን ላይ ታስቀምጠኝና «ዓይንሽን ጨፍኚና ስሚ» ትለኝ ነበር። እንዲህ ያሉት አቧራና ጭቃ ላይ የሚጋለቡ ቀላል ሞተር ሳይክሎች ዘይታቸውን ከቤንዚን ጋር ቀላቅለው የሚጠጡ ናቸው፤ ምን ያህል እንደሚጠጡ የምትወስነው ደግሞ ካርቡሬተሩ ሆድ ውስጥ ያለችው፣ መሐሏ ቀዳዳ የሆነ ትንሽ የነሐስ ብሎን ናት ብለህ አሳየኸኝ። ቀዳዳዋ ከሰፋ ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበት ያጨሳል፣ ይንተባተባል። ከጠበበች ይራባል፣ ይግላል፤ በመጨረሻም ሞተሩ ውስጥ ያለው ፒስተን በሙቀት አብጦ የሚመላለስበትን ግድግዳ ይነክሳል። አንተ ይህን ሁሉ ከድምፁ ትለየው ነበር። ከመንገድ ማዶ የሚያልፈውን ሰምተህ «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ነገ ሳይል ቢመጣ ይሻለው ነበር» ስትል፣ ሰውየው ሰንብቶ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላማ ከቁም ነገርም አትቆጥረውም ነበር። ገና ከመፍታትህ በሸሚዝህ ጫፍ ጥርግ አድርገህ ነበር የምትሰጠኝ፤ እማዬ ሸሚዙን ስታይ የምትጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

እኔም ያንተን ጆሮ ይዤ ነው እዚህ አገር የገባሁት፤ ደረቴንም ነፍቼ ነበር። የምሠራበት ጋራዥ ከሞተር ሳይክል መወዳደሪያ ሜዳ አጥር ጋር የተጣበቀ የቆርቆሮ ቤት ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። ሲሠሩ ሁልጊዜ ጆሯቸውን በጥጥ ስለሚደፍኑ ሠራተኛው ሁሉ ከኋላቸው «ጥጥ» ይላቸዋል። መጀመሪያ ሳያቸው ጤነኛ አልመሰሉኝም። ሞተር የሚያስተካክል ሰው ጆሮውን ደፍኖ እንዴት ይሆናል እያልኩ በሆዴ ስስቅባቸው ከረምኩ።

ባለፈው ውድድር ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ፣ የአንዱን ጋላቢ ሞተር እኔ በጆሮዬ አስተካከልኩ። ድምፁ ጥርት ብሎ፣ ነዳጅ ሲሰጡት ሳይንተባተብ ተስፈንጥሮ ይነሳል። አንተ ብትኖር ትከሻዬን መታ መታ ታደርገኝ ነበር። በማግስቱ ማለዳ ብርዱ አጥንት ሰብሮ የሚገባ ነበር። ጥጥ መጡና ሞተሩ እየሠራ መዳፋቸውን የቤንዚን ታንኩ ላይ አሳርፈው ቆዩ፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋላቢው ረጅሙን ቀጥ ያለ መንገድ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሰጥቶ እንዲጋልብ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ የካንዴላው መልክ እንዳይለወጥ በዚያው ፍጥነት ላይ እያለ ሞተሩን አጥፍቶ እየገፋ እንዲመለስ አዘዙት። እያጉረመረመ ገፍቶ መጣ። ካንዴላውን ፈትተው በጨርቅ ያዙና አሳዩኝ። ጫፉ እንደ አመድ ነጭ ነበር።

ቀዝቃዛ አየር እምቅ ስለሆነ የበለጠ ቤንዚን ይጠይቃል፤ ለትናንት ከሰዓት የበቃችው ቀዳዳ ለዛሬ ማለዳ ጠባለች። ብሎኗን አውጥተው ሰፋ ባለች ቀየሯት። ያ የሚያምር ድምፅ ወፈረ፣ ደነዘዘ። ተቀየምኩ፤ ፊቴም ላይ ታይቶ መሰለኝ ጥጡን ከጆሯቸው አወጡና፣ «ልጄ፣ ሞተር ከሁሉ የበለጠ ድምፁ የሚያምረው ሊነክስ ሲል ነው። ጆሮ ያባብላል፤ ካንዴላ ግን ማባበል አያውቅም» አሉኝ። ጋላቢው በድምፁ ተናዶ ወጣ፤ ከኋላዎቹ ጋር ጨረሰ። ጥፋቱን በእኔ ላይ ጥሎ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። ግን ሰላም የማይለኝ በሁለት እግሩ ቆሞ ነው።

ወንድም ጋሼ፣ ይህን ሁሉ የምጽፍልህ ላጽናናህ ብዬ አይደለም። ለማጽናናትማ «ያንተ ጥፋት አይደለም» ብዬ በአንድ መስመር በጨረስኩት ነበር። እውነቱን ግን አላውቀውም። አንተም አታውቀውም፤ «ጆሮዬ ነው» ማለትህ ግምት ነው። ጆሮህ እንደ ድሮው ቢሆንስ ኖሮ? በማይበርድበት እኩለ ቀን ላይ አስተካክለህ፣ ድምፁ አምሮልህ፣ ሰውየው በማለዳ ብርድ፣ አየሩ ይበልጥ እምቅ ወደሆነበት ወደዚያ ቆላ ሲወርድ ያው ሊነክስ ይችል ነበር። ስንት ሌሊት ይህን ሳወጣ ሳወርድ እንዳደርኩ አትጠይቀኝ።

የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም እዚያው ሸራው ሥር አለ። እትዬ እንዳለችኝ ሞተሩ የነከሰው ሰውየው ቁልቁለቱን ጨርሶ ሜዳው ላይ ነዳጅ ሲሰጠው ነው። ከዚያ ወዲህ አልተነሳም፣ ማንም አልፈታውም። ስለዚህ የካንዴላው ጫፍ የዚያን ማለዳ መልኩን እንደ ያዘ ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ ጥፋቱ የእኛው እጅ ነው። ቡናማ ከሆነ ግን ቤንዚን በቅቶታል፤ ያን ሁሉ ቁልቁለት ነዳጅ ዘግቶ ሲወርድ ዘይት ሳይደርሰው ቀርቷል፣ ወይም ሰውየው ዘይት ሳይቀላቅል ቀድቷል ማለት ነው።

እስከ ዛሬ ለምን እንዳልፈታኸው ይገባኛል። ፈርተህ ነው። «ጆሮዬ ነው» ብሎ ቤት መዝጋት ያሳምማል፤ «እጄ ነው» ማለት ግን ከዚያ ይብሳል። እኔም ብሆን እፈራ ነበር። አንተን ፈሪ ማለት ያስጨንቀኛል፤ ግን ከእኔ በቀር ይህን የሚልህ ማን አለ?

ገዢው ለመሣሪያዎቹ ከመምጣቱ በፊት ሸራውን አንሳ። በሩን ከፍተህ፣ ብርሃን ባለበት፣ ካንዴላውን ፍታው። በጌታ ይዤሃለሁ፣ እጅህ ወደ ሸሚዝህ እንዳይሄድ! ሳትጠርገው እየው።

ነጭ ከሆነ፣ ነጭ ብለህ ጻፍልኝ። ከዚያ ወተት አመላላሹ ቤት ሂድና ይቅርታ ጠይቀው፤ ሞተሩንም በገዛ እጅህ መልሰህ ሥራለት። የሰበርከው ስላልሰማህ አይደለም፣ ስላላየህ ነው ማለት ነው። ማየት ደግሞ አሁንም ትችላለህ። ቡናማ ከሆነም እንዲሁ ጻፍልኝ፤ ሸክሙን ከጫንቃህ አውርድና ጋራዡን ክፈት። በሁለቱም መንገድ ቁልፎቹ የሚሸጡበት ምክንያት አይታየኝም። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ጆሮዬ ደክሟል ብለህ ሳታፍር ንገረው። መዳፍህን ታንኩ ላይ ማሳረፍ ልመድ፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ብዙ ነገር ይናገራል፣ እኔም ገና እየተማርኩት ነው። ለጆሮህም ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ እትዬ ትውሰድህ፣ በምልክትም ቢሆን ተጣሉና ሂዱ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ትኩሳቱ እንደ ለቀቀኝና እንደምበላም ንገርልኝ። እትዬን ስለ እውነቷ እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። ልጆቹን ግንባራቸውን ሳምልኝ፤ ታላቅየዋ ሣጥኑ ላይ መቀመጥ ጀምራለች አሉ፣ ዓይኗን እንዳታስጨፍናት። አናጢውን አልተቀየምኩትም፣ ለደግ ብሎ ነው፤ ግን ገዢው ትንሽ ይታገሥ በልልኝ። ወተት አመላላሹንም የእኔ እህት ትከሻህ እንዴት ነው ትላለች በለው፤ ይህን ደግሞ በሰው ሳትልክ ራስህ ሄደህ ንገረው።

ረጅም ደብዳቤ እንደማትጽፍ አውቃለሁ። ካንተ የምፈልገው አንድ ቃል ነው፤ የቀለም ስም።

ታናሽ እህትህ

ከጋራዡ በላይ ካለችው ክፍሌ፣ እሑድ ጥር ዘጠኝ ቀን