ሆዳቸው ሞልቶ ነበር

ውድ እህቴ ማሊዋን፣

ባለፈው ሳምንት ደውለሽ «ለአባባ የመቶኛ ቀን መታሰቢያ ስመጣ ከሰማያዊዎቹ አንድ ጥንድ ይዤ እመለሳለሁ፤ ልጆቼ የአያታቸውን ዓሣ ያሳድጉ» ስትዪኝ «እሺ» አልኩሽ። ስልኩን ዘግቼ ገበያ ወረድኩና ሁለት ሰማያዊ ተዋጊ ዓሦች ገዛሁ። አሁን መደርደሪያው ላይ ናቸው። ያምራሉ። አንቺ እንኳ አትለዪያቸውም ነበር። ግን የአባባ አይደሉም። የአባባ ዓሦች አልቀዋል፤ ዘራቸውም የለም።

ይህን በስልክ ልነግርሽ አልቻልኩም። አንቺ እንደሆነ በስልክ ሰው አታስጨርሺም፤ ገና አፌን ስከፍት «ያንቺ ጥፋት አይደለም» ትያለሽ። ወረቀት አያቋርጥም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፤ ይቅርታ የምታደርጊልኝም ከሆነ አንብበሽ ከጨረስሽ በኋላ ይሁን።

አባባን ስትሮክ ሲመታቸው አንቺ ሃት ያይ ከተማ ከባልሽ ጋር ነበርሽ፣ ሦስተኛሽን አርግዘሽ። እኔ ሳሙት ሳኮን ካለው ስፌት ፋብሪካ ሥራዬን ጥዬ መጣሁ። ባል የለ፣ ልጅ የለ፣ ማን ይምጣ ሲባል ከእኔ በቀር ማን አለ? ቀኝ ጎናቸው ጨርሶ በድኗል፤ ምላሳቸው ተሳስሯል። አልጋቸውን ከዓሦቹ መደርደሪያ ፊት ለፊት አስጠጋሁላቸው። ደስ ያላቸው መሰለኝ። እኔን ግን በወጉ አላዩኝም። ዓይናቸው እጄን ነበር የሚከተለው፣ እሱም እጄ የዓሦቹን ዕቃ ሲነካ ብቻ።

ከመውደቃቸው ትንሽ ቀደም ብሎ የቀሯቸውን አንድ ጥንድ ዓሦች አራብተው ነበር። ወንዱ የተፈለፈሉትን የዓሣ ጫጩቶች ጠብቆ ሳይጨርስ ሞተ፤ ሴቷም አርጅታ ብዙ አልቆየችም። አባባ ደግሞ እንደምታውቂው ወንድ ዓሣ ይሸጣሉ እንጂ ሴት ለማንም አይሰጡም። ጓደኛቸው ጋሼ ቻሎም ከወንዙ ማዶ እየተሻገሩ አባባን «ሳወንግ ሴት ልጁን ይድራል፣ ሴት ዓሣውን ግን ሞቶ ነው!» ሲሉ እንዴት ነበር የምትስቂው። እና አርባ ዓመት የተለፋበት ዘር በሙሉ የቀረው አንድ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ነበር፤ መቶ ሰባ የሚሆኑ፣ ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ጫጩቶች።

የእነሱን ቀለብ አዘገጃጀት አባባ ያስተማሩት አንቺን ነው። እኔን ሲጠሩ እንኳ መጀመሪያ ያንቺን ስም፣ ቀጥሎ የውሻውን፣ ከዚያ ነበር የእኔን። የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጠሽ ገልብጠሽ ስትሰቅዪ፣ ጨው ስትበጠብጪ፣ ቀረፋ ዱቄት የመሰለውን የሽሪምፕ፣ የዚያ ደቃቅ የጨው ውሃ ፍጥረት፣ እንቁላል በማንኪያ ስትጨምሪ፣ የአየር ቱቦውን ስትከቺ፣ እኔ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆኜ አይ ነበር። በማግስቱ አየሩን ዘግተሽ አምፖል ታበሪያለሽ። ቅርፊቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ የተፈለፈሉት ሽሪምፖች እርድ የተበጠበጠ መስለው ብርሃኑ ጋ ይሰበሰባሉ። በቀጭን ቱቦ ትመጫቸዋለሽ፣ በጨርቅ ታጠያቸዋለሽ፣ ለጫጩቶቹ ትሰጫለሽ። ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ሁለት ጠርሙስ በየተራ፣ በየቀኑ አዲስ የምትፈለፍዪው ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄሽ አላውቅም።

በየቀኑ መበጥበጡ ሰለቸኝ። አባባን ማገላበጡ፣ ማጠቡ፣ አንሶላው፣ አጥሚቱ... ትልቅ የውሃ ጠርሙስ ፈለግኩና የሦስት ቀን ቀለብ በአንዴ መፈልፈል ጀመርኩ። ሽሪምፖቹ በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን አሉ፤ ይዋኛሉ። ጫጩቶቹም ይሻሟቸዋል፤ ሆዳቸው ንፍት ይላል። «እንዲህ ነው እንጂ አምፋይ!» አልኩ ለራሴ። የሽሪምፖቹ መልክ መንጣቱን አይቻለሁ። የአምፖሉ ነው ብዬ ተውኩት።

ከሳምንት በኋላ አባባ ሆዳቸውን መምታት ጀመሩ። በግራ እጃቸው ሆዳቸውን ይመታሉ፣ ወደ ሳፋው ያመለክታሉ፣ ደግመው ሆዳቸውን ይመታሉ።

«ራበዎት እንዴ? አሁን አይደል የበሉት?»

ይመታሉ።

«ኧረ አባባ፣ አሁንስ ሆዳም ሆኑብኝ! እሺ፣ እሺ፣ መጣሁ።»

አጥሚት አምጥቼ በማንኪያ ሳቀርብላቸው ጥርሳቸውን ገጠሙ። አገጫቸውን ይዤ ከፈትኩት። እንባቸው ወረደ። በአንሶላው ጫፍ ጠረግኩላቸውና «ሰው ሲያረጅ ተመልሶ ሕፃን ነው» እያልኩ ሳቅኩ። ስምንት ቀን እንዲህ ሆንን፤ እሳቸው ይመታሉ፣ እኔ አጥሚት አመጣለሁ። ከሳፋው ደግሞ በየጠዋቱ አሥራ አምስትም ሃያም የሞቱ ጫጩቶች እለቅማለሁ። ሆዳቸው ክብ ነው። ጥጋብ ገደላቸው ብዬ ቀለባቸውን ቀነስኩት፣ ማሊዋን። ቀነስኩት።

አንድ ረፋድ ላይ ጋሼ ቻሎም ሙዝ ይዘው ሊጠይቁን መጡ። ገና ከደጅ «ሳወንግ! ተጋድመህ ሴት ልጅ ታሠራለህ? ድሮም እኮ ሰነፍ ነህ!» ብለው አባባን በግማሽ ፊታቸው ፈገግ አሰኟቸው። ከዚያ ጠርሙሱ ጋ ሄደው ጎንበስ አሉ።

«ይሄ መቼ የተፈለፈለ ነው?»

«ከትናንት ወዲያ።»

«የከትናንት ወዲያውን ነው የምታበያቸው?»

«አልሞቱም እኮ ጋሼ። ይኸው ይዋኛሉ።»

«ይዋኛሉ! ይዋኛሉ ትለኛለች እኮ! ልጄ፣ ሽሪምፕ ሲወለድ ስንቁን በሆዱ ይዞ ነው የሚወለደው። ያ ብርቱካን መልኩ ስንቁ ነው። ካሳደርሽው ራሱ በልቶ ይጨርሰዋል። ከዚያ ወዲያ ገለባ ነው። ገለባ ስታበያቸው ነው የከረምሽው! ሆዳቸው ሞልቶ በረሃብ ነው እያለቁ ያሉት። አባትሽ አልነገረሽም?»

«መናገር አይችሉም» አልኩ። ዞር ስል አባባ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገዋል። አልመቱም። አሳርፈውት ብቻ ያዩኛል። ስምንት ቀን ሙሉ ምን ሲሉኝ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

እስከዚህ ያለውን ለማንም መናገር እችላለሁ። አለማወቅ ነው። አንቺም እስከዚህ ያለውን ይቅር ትዪኛለሽ። ደብዳቤውን የጻፍኩት ከዚህ በኋላ ስላለው ነው።

ጋሼ ቻሎም እዚያው ቆመው አዲስ ጠርሙስ አስበጠበጡኝ። «ነገ ጠዋት እንደተፈለፈለ ወዲያው! ሻይ እንኳ ሳትቀምሺ!» ብለውኝ ሄዱ። የቀሩት ሃያ ሦስት ጫጩቶች ነበሩ።

ጠዋት አየሩን ዘጋሁ፣ አምፖሉን አበራሁ። ሽሪምፖቹ ልክ እንዳንቺዎቹ እርድ መስለው ተሰበሰቡ። ቱቦውን አንስቼ ቀና ስል አባባ እያዩኝ ነው። እጄን አይደለም፤ ዓይኔን። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስኖር አባቴ ሲለምኑኝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ማሊዋን፣ ቱቦውን መልሼ አስቀመጥኩት።

ለምን እንዳደረግኩት እስከዛሬ ሳስብ ነው የከረምኩት። ጫጩቶቹን ልገድል አልነበረም። ትንሽ ይዩኝ ነበር ያልኩት። ካበላኋቸው ዓይናቸው ወደ ሳፋው እንደሚመለስ አውቃለሁ። ሄጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና «መጀመሪያ በስሜ ይጥሩኝ» አልኳቸው። ምላሳቸው እንደማይፈታ እያወቅኩ። «አንድ ጊዜ። አምፋይ ይበሉኝና አበላቸዋለሁ።»

ታገሉ። አንገታቸው ሥር እስኪገተር ታገሉ። ከወደቁ ጀምሮ ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ወጣቸው።

«ማ...» አሉ።

ያንቺን ስም። ብድግ አልኩ። አንሶላውን በሙሉ ሰብስቤ ወንዝ ወረድኩና ሳጥብ ዋልኩ። የነጣውን ደግሜ አጠብኩ። አባባን ያለ ውሃ፣ ያለ ምግብ፣ ከሳፋው ፊት ለፊት ትቻቸው። ስመለስ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። ሽሪምፖቹ ግማሾቹ አየር አጥተው ሞተዋል፤ የተረፉት ነጥተዋል። ያንኑ ሰጠኋቸው። አንዳንዶቹ ጫጩቶች ገና ጅራታቸውን ያወዛውዙ ነበር፤ አፋቸውን ግን አልከፈቱም። በሦስት ቀን ውስጥ አንድም አልተረፈ።

አባባ ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ቀን ኖሩ። ሆዳቸውን ዳግመኛ አልመቱም። አጥሚቱን አፋቸውን ከፍተው ይቀበሉኝ ነበር። ጋሼ ቻሎም «አይ ልጄ፣ ቀድሞውኑም ዘግይቶ ነበር» ብለው አጽናኑኝ። ያን ቀን ምን እንዳደረግኩ አያውቁም። እኔም አንገቴን ደፍቼ ተጽናናሁ።

አስከሬናቸው ሲቃጠል አንቺ አራስ ነበርሽ፣ አልመጣሽም። ቤተ መቅደሱ ግቢ ቆሜ ጢሱን አያለሁ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ከሰው መሀል የጠፋች ትንሽ ልጇን «ማ! ማ!» ብላ ጠራቻት። ልጅቷም እየሮጠች ሄዳ ቀሚሷ ሥር ገባች።

«ማ» ማለቷ በእኛ አፍ «ነይ» ማለቷ ነው እኮ። ያንን ቃል ከተወለድኩ ጀምሮ በቀን መቶ ጊዜ ስሰማው ኖሬ፣ ያን ጠዋት ከአባባ አፍ ሲወጣ ያንቺ ስም ብቻ ሆኖ ተሰማኝ። አንቺን መጥራታቸው ይሁን ወይስ እኔን «ነይ» ማለታቸው አላውቅም። የሚነግረኝም የለም። «ነይ» ብለውኝ ከሆነ፣ አባቴ ሲጠሩኝ ጥያቸው የሄድኩ ልጅ ነኝ።

ሁለቱን ዓሦች ነገ ለሻጩ እመልሳለሁ። ለልጆችሽ የምትነግሪያቸውን አንቺ ታውቂያለሽ። ይህን ካነበብሽ በኋላ መምጣቱን ከተውሽው አልቀየምሽም፤ በመቶኛው ቀን መነኮሳቱን እኔው አበላለሁ። ከመጣሽ ግን ወደ ውስጥ ከመግባትሽ በፊት በሩ ላይ ቆመሽ በስሜ ጥሪኝ። ከዚያ የፈለግሽውን በዪኝ።

እህትሽ
አምፋይ