ስለ ሰባቱ ሳህኖችና ስለ ሐሮ ዲማ ሰርዶ

ሐረር፣ ሐኪም ጋራ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ የደረቁ ሐይቆች አቧራ መከላከያ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የምክትሎችዎን፣ የሾፌሮችዎንና የጽሕፈት ቤትዎን መስኮቶች ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፤ መስኮቶቹን መጨመሬም ባለፈው ወር ለአቤቱታ መጥቼ ደጅ በጠናሁባቸው ሦስት ሰዓታት ውስጥ አንድም ጊዜ ሲከፈቱ ስላላየሁና፣ ሰውም ሆነ መስኮት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ሲቀመጥ ጤናው ስለሚያሳስበኝ ነው። እኔ በበኩሌ፣ ዕድሜ ከሚያመጣው የጉልበት ሕመም በስተቀር፣ ደኅና ነኝ፤ ይህንንም ደብዳቤ የምጽፍልዎ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ፣ ብዕሬ አፈር እንዳይነክስብኝ ወረቀቱን በየመስመሩ እፍ እያልሁ ነው።

ማንነቴን ለማስታወስ ያህል፣ ለሁለት ዓመት ብቻ ተመድቤ መጥቼ መመለሱን የረሳሁ፣ በዚህችም ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ ያስተማርሁ ጡረተኛ መምህር ነኝ። ቤቴ ሐኪም ጋራ ከተባለው ተራራ ቁልቁል፣ ሐሮ ዲማ በምንላት ትንሽ ሐይቅ ዳርቻ ነው፤ ሐይቅ ስል፣ ከገጠሩ ከሶፊ ወገን የጫት ገበሬው በፓምፕ፣ ከከተማ ወገን ደግሞ እኛ በቦቴ ከሁለት በኩል ጠጥተን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የጨረስናትን ማለቴ ሲሆን፣ እኔም ጽጌረዳዎቼን አጠጣባት ስለ ነበር በዚህ ነገር እጄ ንጹሕ ነው አልልም። ውሃዋ ሲሄድ ደለሏ ቀረ፤ ደለሉም ደርቆ እንደ ዱቄት ከላመ ወዲህ፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ሳያንኳኳ ቤታችን ይገባል።

ጉዳዬ አጭር ነው። በእርስዎ ፊርማ በወጣው ማስታወቂያ መሠረት፣ የፊታችን ረቡዕ ሳምንት፣ ጥር 28 ቀን፣ ጎረቤቶቼና እኔ በደረቀው የሐይቅ ወለል ላይ የተከልነው ሁለት ጥማድ ሰርዶ በትራክተር ሊገለበጥ ነው፤ እንዳይገለበጥ እለምናለሁ። ይሁን እንጂ ባለውለታን ሳያመሰግኑ መለመን ነውር ስለሆነ፣ ጽሕፈት ቤትዎ የዋለልንን ውለታ በቁጥር አስቀምጬ ወደ ልመናዬ እመለሳለሁ።

፩ኛ፦ አምና በግንቦት ወር፣ የአቧራው ባለቤት ማን እንደሆነ ለመወሰን ስለ ጠሩት የግማሽ ቀን ስብሰባ ከልብ አመሰግናለሁ። በዚያ ስብሰባ ላይ፣ በግድግዳው ሙሉ በተዘረጋ ካርታና በረጅም ዘንግ እየተረዱ፣ ነፋሱ ከደቡብ ሲነፍስ አቧራው የገጠሩ፣ ከሰሜን ሲነፍስ ደግሞ የከተማው ኃላፊነት እንደሚሆን ሲያብራሩልን፣ ከዚያ በፊት አቧራችንን ወገኑን ሳናውቅ እንዲያው በጅምላ ስንውጠው መኖራችን በጣም አሳፈረኝ። ከሶፊ የመጣው ጫት አምራቹ ሙሳ፣ ገዢ ቅጠሉን ከአቧራ እያራገፈ ዋጋ የሚሰብርበት ምስኪን፣ እጁን አውጥቶ፣ «ጌታዬ፣ ነፋሱ ክብ ሠርቶ ሲሽከረከርስ የማን ነው?» ብሎ የጠየቀዎትን ጥያቄ በቃለ ጉባኤ «በጥናት ላይ ያለ» አሰኝተው ማስመዝገብዎን አልረሳሁም። ጥናቱ እስኪያልቅ ድረስ የሚሽከረከረውን በአደራ እየተነፈስነው እንገኛለን።

፪ኛ፦ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት የሐይቁን ወለል ስለሚያረጥብልን ቦቴ አመሰግናለሁ። ይህ ቦቴ የሚሞላው እኛ በስምንት ቀን አንድ ጊዜ ወረፋ ከሚደርሰን ከሰፈራችን ቦኖ በመሆኑ፣ ጀሪካኖቻችንን ደርድረን ቆመን የሐሮ ዲማ ውሃ ወደ ሐሮ ዲማ ሲመለስ በዓይናችን ለማየት በቅተናል። ጠዋት የረጠበውን እስከ ቀትር ፀሐይ ይወስደዋል፤ የቦቴው ጎማ የሰባበረውን ጠንካራ ቅርፊት ደግሞ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይወስደዋል፤ በዚህም አሠራር ፀሐይም ነፋስም ሥራ ሳይፈቱ ይውላሉ።

እዚህ ላይ ስለ ሰርዶው ሳልናገር ወደ ሦስተኛው ምስጋና ብሻገር ነገሩ አይገባም።

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘቢባ ጀጎል ውስጥ ተወልደው ያደጉ፣ አንደበታቸው የተባ፣ ደረታቸው ግን በአስም የተያዘ እናት ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ ብለው እንጂ እንደ ሰው ጋደም ብለው አልተኙም። የሐይቁን ዳርቻ በሰርዶ እንሸፍነው የሚለውን ሐሳብ ያመጡት እሳቸው ሲሆኑ፣ ሥሩን ከመስኖ ቦዩ ጥግ እየነቀለ በሦስት ማዳበሪያ ያመጣው ከላይ የጠቀስሁት ሙሳ ነበር። የመጣ ዕለት ግን አቀባበሉ እንዲህ ነበር፦ «አንተ ሙሳ፣ ሐይቁን በፓምፕ ጨልጠህ ስታበቃ ዛሬ ሣር ይዘህልኝ መጣህ?» አሉት። እሱም ማዳበሪያውን ከትከሻው ሳያወርድ፣ «እናቴ፣ እኔ ለጫቴ፣ እናንተ ለሻወራችሁ፤ ጠጪው ብዙ ነው። አሁን ወገቤ ሳይቆረጥ የት ላውርደው?» አላቸው። «ና ወዲህ፣ እዚህ አውርደው፤ ምላስህ ግን እዚያው ይቅር» አሉትና ሥራ ተጀመረ።

ያጠጣነውም በቦኖ ውሃ አይደለም፤ ከመስጊዱ የውዱእ መታጠቢያ የሚፈሰውን በቦይ መርተን፣ እኔም ልብሴን ያለቀለቅሁበትን በባልዲ እያመላለስሁ ነው። ሁለት ክረምት አልፎበት ሥር ሰደደ፤ አፈሩንም ይዞ አስቀረው። አቧራው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ይህን በግልጽ እናገራለሁ። ነገር ግን ባለፈው መስከረም አንድ ጠዋት ወይዘሮ ዘቢባ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «መምህር፣ ዛሬ አልሐምዱሊላህ ጣራዬን አየሁት» አሉኝ። ሳይገባኝ ቀርቶ ጣራው ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኋቸው። በጀርባቸው ተኝተው ማደራቸውን ሊነግሩኝ ኖሯል።

፫ኛ፦ አሁን ወደ ሳህኖቹ ልምጣ። ባለፈው ጥቅምት መጀመሪያ፣ ባለሙያዎችዎ ሰባት ነጫጭ ሳህኖች ይዘው መጥተው፣ በየጣራችን ጠርዝ ላይ እንድናኖራቸው ለሰባት ቤቶች ሲያከፋፍሉ፣ ለእያንዳንዱ ቤት የተናገሩት ቃል «ይህ የመንግሥት ንብረት ነው፤ በጥንቃቄ ይያዝ» የሚል ብቻ ነበር። የሳህኑ ሥራ አቧራ መሰብሰብ መሆኑን፣ በየወሩ መጨረሻም በላዩ ያረፈው አቧራ በሚዛን እንደሚለካ ሳይነግሩን ሄዱ፤ ምናልባት ምስጢር ይሆናል።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ወደ ሐረር በቅርቡ ተዛውረው የመጡ ስለሆኑ አይፈረድብዎትም፤ ሆኖም በዚህ አገር ሳህን ከግድግዳ ላይ እንደ ሥዕል ተሰቅሎ የሚታይ፣ የባለቤቲቱ ሙያ የሚመዘንበት፣ እንግዳ ገና ሳይቀመጥ በዓይኑ የሚቆጥረው ዕቃ ነው። እንግዲህ ለእንዲህ ያሉ ሴቶች የመንግሥትን ሳህን በአደራ ሰጥቶ፣ ሳህኑ ሠላሳ ቀን ሳይታጠብ ጣራ ላይ እንዲቆይ መጠበቅ ምን ዓይነት ሳይንስ እንደሆነ እኔ በአማርኛ መምህርነቴ ልረዳው አልቻልሁም። ወይዘሮ ዘቢባ የእርሳቸውን በየማለዳው ከቁርስ በፊት ያጥቡ ነበር። ማዶ ያለችው ወይዘሮ ንግሥት ለገና ሁለት ጊዜ አጠበችው። ወይዘሮ ፋጡማ ደግሞ ከነጭራሹ፣ እንዲህ ያለ ውብ ሳህን ውጭ ማደሩ ነውር ነው ብለው፣ ትልቁ ክፍል ውስጥ ከእናታቸው ሳህኖች መካከል ሰቀሉት፤ ባለሙያው በመጣ ቁጥር ከግድግዳ አውርደው፣ በሻሻቸው ጫፍ ወልወል አድርገው ያስረክቡታል፤ እሱም ተቀብሎ፣ መዝኖ፣ «ዜሮ» ብሎ ይፈርማል።

አንድ ሳህን ብቻ ቆሽሾ ተገኘ፤ እሱም የእኔ ነው። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ የራሴን ሳህን እንኳ በወጉ ስለማላጥብ፣ የመንግሥት ሳህን ከእኔ ቤት በየወሩ ወፍራም ቡናማ ካባ ለብሶ ወጣ። ወይዘሮ ዘቢባ ይህን ሲያዩ በኀፍረት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይቅር በለው፤ ብቸኛ ሰው ነው። ወላሂ ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ቆይ፣ አንድ ደቂቃ፣ ላጥበው» ብለው ባለሙያውን መለመናቸውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ባለሙያውም አዝኖልኝ፣ የእኔን ውጤት «ከቤቱ አያያዝ ጉድለት የመጣ» ብሎ ከስሌቱ አወጣው። በዚህ ዓይነት፣ ሰባቱ ሳህኖች ስድስት ሆኑ፤ ስድስቱም ለሦስት ወራት ዜሮ ሆኑ፤ ከዜሮዎቹም ውስጥ አንዱ የወይዘሮ ፋጡማ ግድግዳ ነው። የጽሕፈት ቤትዎም ሪፖርት፣ በቦቴው ርጭት አማካይነት የሐሮ ዲማ አቧራ መቶ በመቶ መወገዱን አበሠረ። ሪፖርቱን ለሕዝብ ያነበቡልን ባለሥልጣን በንባቡ መካከል መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ መወልወላቸውን ግን ሪፖርቱ አላካተተም።

አስቀድሞ ቢነገረን ኖሮ እንዳይሉኝ፣ ይህንኑ የሳህን ነገር ታኅሣሥ 14 ቀን በጽሑፍ አመልክቼ፣ «ሙያዊ ያልሆነ አስተያየት» የሚል ባለአንድ መስመር መልስ ተቀብያለሁ። ስለ አጭርነቱ አመሰግናለሁ፤ ተማሪዎቼን እንዲህ አጥር አድርገው እንዲጽፉ ማስተማር አልሆነልኝም ነበር።

፬ኛ፦ አቧራው ካለቀ ዘንድ፣ ያለፈቃድ የተተከለው ሰርዶ አያስፈልግም ተብሎ፣ በስፍራው ለድሉ ምረቃ ድንኳንና ለእንግዶች መኪና ማቆሚያ ስለሚዘጋጅልን አመሰግናለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ከረቡዕ በፊት፣ በመረጡት ቀን፣ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት፣ የመኪናዎን መስታወት ዝቅ አድርገው ወደ ሰፈራችን ይምጡ። መጀመሪያ ከሰርዶው መካከል ይቁሙ፤ ቀጥሎም ሃምሳ እርምጃ ተራምደው ሣር በሌለበት ወለል ላይ ይቁሙ፤ በሁለቱም ስፍራ አፍዎን ከፍተው እስከ አሥር ይቁጠሩ። ሚዛን አያስፈልግዎትም። ሣሩ ከተገለበጠ፣ ባለፈው ዓመት የያዘው አፈር ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተነሥቶ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የሚያገኘውም ቤት የወይዘሮ ዘቢባ ነው፤ እሳቸውም ተመልሰው ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ ይላሉ። በዚህ ላይ የምቀልደው ነገር የለኝም።

ድንኳኑ የትም ይተከላል። ከቤቴ ጀርባ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፤ ለምረቃው በነፃ እሰጣለሁ፤ ወንበርም አበድራለሁ፤ ንግግርዎንም፣ ቢፈቅዱልኝ፣ ከፊደል ግድፈት አጠራልዎታለሁ። ሁለት ጥማድ ሣር ብቻ ይተዉልን።

ለዘመናት ከተከማቸ ትዕግሥታችን ላይ ሳይሰለቹ እየቆነጠሩ ለሚያስተዳድሩን ለእርስዎ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ ደረትና የማይዘጋ አፍንጫ እየተመኘሁ፣ ወንበርዎም ከምሥራቅም ከምዕራብም በሚመጣ ነፋስ ሳይናወጥ እንዲጸናልዎ እየለመንሁ፣ የምሰናበትዎ ታዛዥዎና በየዕለቱ ከጽሕፈት ቤትዎ የሥራ ውጤት አንድ ማንኪያ የሚቋደሰው፣

መምህር ወልደሚካኤል ሥራዬ
(ጡረተኛ፣ ብቸኛ፣ የሳህን አያያዝ ጉድለት ያለበት)

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ዘቢባ፣ በአጥር በኩል
ለአቶ ሙሳ፣ ሶፊ
ከሰሜንም ከደቡብም ለሚነፍሰው፣ እንዲሁም በጥናት ላይ ላለው ነፋስ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ላሽግ ስል የጽሕፈት ቤትዎ የትራክተር ሾፌር ቢላል እያሳለ በደጄ አለፈ። ረቡዕ ሰርዶውን እንዲገለብጥ የታዘዘው እሱ ነው፤ ሆኖም ሣር በሌለበት ወገን ወለሉን ሲደለድል ሰንብቶ ደረቱ ስለ ታመመ፣ ሐኪም «በአቧራ ምክንያት የመጣ ነው፤ ለሃያ ቀን ከአቧራ ይራቅ» ብሎ ጽፎለት፣ እርስዎም በጥር 15 ቀን፣ በቁጥር 212፣ በክብ ማኅተምና በተለመደው ውብ ፊርማዎ የሕመም ፈቃዱን አጽድቀውለታል። በሐሮ ዲማ አቧራ የለም የሚለው ማስታወቂያዎ ደግሞ የዚያኑ ዕለት፣ በቁጥር 211 ወጥቷል። ቢላል ፈቅዶልኝ የሁለቱንም ቅጂ በቀበሌው አዳራሽ በር ላይ ጎን ለጎን ለጥፌአቸዋለሁ፤ ሰዉም ተሰልፎ እያነበበ ነው። በቢላል ምትክ ትራክተሩን የሚነዳ ሰው ያገኙ እንደሆነ፣ ከሁለቱ ወረቀቶች የትኛውን አምኖ ትራክተሩ ላይ እንደሚወጣ አስቀድመው ይወስኑና ይላኩልኝ፤ ሌላውን ከበሩ ላይ እኔ ራሴ እነቅልልዎታለሁ።