የጳጉሜን ስድስተኛዋ ቀን

ሞላሌ፣ ጥር 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ የማይረባ ምሳሽስ እንዴት ነው? በብስኩት እንደምትውዪ እናትሽ ነግራኝ፣ ኮምፒውተር ያገባች ሴት ወጡን ለማን ትሥራ ብዬ አጽናንቻታለሁ። እኛ ብርዱ ካልጨረሰን ደህና ነን።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ቀልጄ ዘጋሁት። ስለዚህ ጻፍሁት።

ነገሩ ስለዚያ የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ ስለሚመልሰው፣ ማንም ከፍቶ እንዲያሻሽለው ስለተዋችሁት ፕሮግራም ነው። ኮድ የሚልክ ሰው የሚከተለውን መመሪያ ጽፈሽ ነበር። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ምን እንደተለወጠና ለምን እንደተለወጠ ይጻፍ፤ ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚያሳየው መሞከሪያ አብሮ ይላክ፤ ከጸሐፊው ሌላ ሰው ሳያየው አይግባ። እኔ ግን ከዕድር ደንብ ይረዝማል ብዬ ሳቅሁብሽ። ራዲዮ ስጠግን ማን መመሪያ ሰጥቶኛል? ኮዱንስ ቢሆን ከአንድ ሽፋኑ ከወለቀ መጽሐፍ ብቻዬን አይደል የተማርሁት?

ባለፈው ክረምት የቀን ቆጠራውን ላፍጥነው ብዬ እንደ አዲስ ጻፍሁና ያለ መሞከሪያ ላክሁልሽ። ባልደረባሽ ተገኘ መሞከሪያው የታለ ብሎ ጠየቀ። ወዲያው ደወልሁልሽ። ቁጥር ያስቆጠርሁሽ እኔ፣ ዛሬ ልትፈትኚኝ ነው ወይ አልሁሽ። አንቺም ስቀሽ፣ እሺ ጋሼ፣ የእርስዎን ማን ያርማል አልሽ። ሰዓት ሳይሞላ ኮዴ ገባ። በማግስቱ ገበያ ያልተኩራራሁበት በግ ነጋዴ የለም።

ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት እንደምትሆን ረስቼ ነበር። ጾም የምቆጥር ሰው፣ ረሳሁ። ያለፈችው ጳጉሜን ደግሞ ስድስት ነበረች።

ፕሮግራሙን ጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ላይ የጫንሁት ራሴ ነኝ። የዓይን ሐኪሞች ለአንድ ቀን ብቻ መሐል ሜዳ እንደሚመጡ ደብዳቤ ደረሰ፤ ቀኑ በፈረንጅ ኦክቶበር 12 ነበር። ፕሮግራሙ ጥቅምት 2 ነው አለ። የቀጠሮው ወረቀትም በዚያው ታተመ።

ኮከቤን ታውቂያታለሽ፤ ከቤቴ በታች ያለችው፣ ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን ሱፍ የምትፈትለው። ግራ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ ቀኙ ግን ቶሎ ከታከመ ይተርፋል ተብሎላት ነበር። ጥቅምት 2 እኔው ይዣት በአውቶቡስ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ሳስቃት ደረስን። ዘበኛው ሐኪሞቹ ትናንት ሠርተው ዛሬ ማለዳ ሄደዋል አለን። ወረቀቱን አውጥቼ፣ ማንበብ አትችልም ወይ ብዬ ጮኽሁበት። እሱ ረጋ ብሎ በሩ ላይ የተለጠፈውን አሳየኝ፤ ጥቅምት አንድ ይላል። እዚያው ቆሜ በጣቴ ቆጠርሁ። አንድ ቀን ጎደለችኝ።

ኮከቤ አውቶቡስ ውስጥ፣ ተወው አንተ፣ ቀኔ አልነበረም አለችኝ። ሌላ ሐኪም እስክናገኝ ኅዳር አለቀ፤ ጊዜው አልፏል አሉን። ከገና ወዲህ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የምትለየው። ሱፉን በዳሰሳ ትፈትላለች።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አንቺ ያከበርሽኝ መስሎሽ ነበር።

እርማቱን ልኬአለሁ፤ አንድ ለውጥ ብቻ ነው። ምክንያቱን ጽፌ መሞከሪያውን አያይዣለሁ። እዚህ ያለችው የኮምፒውተር አስተማሪ፣ ጽናት፣ ከመላኬ በፊት አይታ ሁለት ጊዜ መለሰችብኝ። በሁለተኛው፣ ጋሼ፣ እኔ የጠየቅሁት የኮዱን መስመር አርባ ነው እንጂ ዕድሜዎን አይደለም አለችኝ። ተናደድሁ፤ ትክክል ነበረች። አንቺ እንዳትነኪው፤ ተገኘ ይየው። ማስታወሻው ላይ ስህተቱ የማን እንደነበረ በስሜ ይጻፍ፤ ጥቃቅን ማስተካከያ ብለሽ እንዳትሸፍኚኝ። ፕሮግራሙን ሌላ ቦታ የጫኑም ካሉ ዛሬውኑ ይነገራቸው።

ለኮከቤ እስካሁን አልነገርኋትም። ውኃ ሳቀርብላት፣ የገበያውን ወሬ ስተርክላት፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር ትለኛለች። እኔ፣ ወሬ የማያልቅብኝ ሰውዬ፣ ባዶውን ኩባያ ይዤ እወጣለሁ። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ሰጥቼ በቀጥታ ወደ እሷ ነው የምሄደው። ምን እንደምትለኝ አላውቅም። ጢሜን ተላጭቻለሁ፤ የክት ጋቢዬንም አጥቤ ለብሻለሁ። ለማን ብለው ነው ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።

እግዜር ዓይንሽን ይጠብቅልሽ። እምቢ የሚል አፍም ይስጥሽ፤ በእኔ ላይም ቢሆን።

አጎትሽ